ሦስተኛው ጥሪ

ዛሬ ጠዋት የነቃሁት ደጃፌ ላይ የተረሳ አንድ የእርጎ ጠርሙስ "ቢኒያም ካሳዬ! ዕቃህን አንሳ" ሲል ነው። ቢኒያም ጎረቤቴ ነው። በካልሲው እየሮጠ ወጣና "መጣሁ በቃ! ሰፈር ልታስነሣ ነው እንዴ?" ብሎ ጠርሙሱን አፈፍ አደረገው። እጁ ሲነካው ዝም አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከጠርሙስ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ጠበል ይወሰድ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ቀኑን የሚጀምረው እንዲያ ነው።

በእኛ ከተማ ምንም ነገር አይጣልም። ከጠርሙስ ክዳን እስከ ጫማ እያንዳንዱ ዕቃ ጉሮሮ አለው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ፀሐይ ሲነካት ትነቃለች፣ ሲጨልም ትተኛለች። ዕቃህን ደጅ ትተህ ከሄድክ ስምህን ይጠራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ካልመጣህ ስም ይለውጥና እዚያ ያስቀመጠውን ሰው መጥራት ይጀምራል፤ ያ ሰው በገዛ እጁ እስኪያነሣው ድረስ ፋታ የለም። አንዴ ስም የለወጠ ዕቃ ወደ ድሮ ባለቤቱ አይመለስም። የአዲሱ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ፀሐይ ላይ ትቶት በሄደ ቁጥርም እሱን ይጣራል።

ቢኒያም ወደ ግቢው ሲያቀና እኔ መስኮቴን ከፈትኩና የልጄን ማበጠሪያ ከውጭ ደፉ ላይ አኖርኩት።

"ማንጠግቦሽ ኤፍሬም! ዕቃሽን አንሺ።"

ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ።

"ማንጠግቦሽ ኤፍሬም! ዕቃሽን አንሺ።"

ድምፁ ሰለል ብሏል። በነጠላዬ ሸፈንኩት። ጨለማ ካገኘ ይተኛል፣ ቆጠራውንም ነገ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሦስተኛውን አላስጠራውም። ሦስተኛውን ካስጠራሁት "ሶልያና ገረመው" ማለት ይጀምራላ! የኔን ስም ምን ላድርገው?

ሶልያና እባላለሁ። እኔ በተወለድኩበት ዘመን ሴቱ ሁሉ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ሄራን ነበር። ዛሬ የባልቴት ስም ሆኗል፤ የሰፈሩ ወጣቶች "እትዬ ሶልያና" ሲሉኝ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው። እነሱ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል። እኔም ልጄን ማንጠግቦሽ ያልኳት ለዚያ ነው። ስሟን እወደው ነበር።

ሥራዬ ጉሮሮ ማቃጠል ነው። ከተጣለ ዕቃ ጥበብ የሚሠሩ ሰዎች ዕቃው ዝም እንዲልላቸው ይፈልጋሉ። መቼም ሐውልት ተመርቆ ክንዱ "ቢኒያም፣ ዕቃህን አንሳ" ቢል አያምርም። እኔ መርፌ አግልና ጉሮሮዋን ጠቅ አደርጋታለሁ፤ ቺስ ትልና አለቀ። ፈቃድ ያለን ጥቂት ሴቶች ነን፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን።

ማንጠግቦሽ ኩይሳ ላይ ቀለም ለቃሚ ነበረች። ኩይሳ የምንለው ከከተማው ዳር ያለውን የቆሻሻ ተራራ ነው፤ ጉሮሮ ሳይመጣ በፊት፣ ሰው ያገኘውን ሁሉ ዝም ብሎ ይጥል በነበረበት ዘመን የተቆለለ። የዛሬ ዕቃ ሁሉ አመድማ ነው፣ አዲስ ቀለም ማምረት ተከልክሏል። ቀለም የሚገኘው ከድሮ ቆሻሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ሀብታሙ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ከድሮ ፌስታልና ከድሮ ጀሪካን የተሠራ ነገር ካልሰቀለ ሰው የሆነ አይመስለውም። ያንን አይተው "ለምድር አሳቢ" ይሉታል።

ከአሳቢዎቹ ሁሉ የገነነው ኢዮስያስ ቃለአብ ነው። ስለ ምድር ሲያወራ እንባው ቃሉን ይቀድመዋል። ምድር ቆሰለች ይላል፣ እናታችን ናት ይላል። እጆቹ ግን የሙሽራ እጅ ነው የሚመስሉት፤ ዕቃ ነክቶ አያውቅም። ከሩቅ ቆሞ "እዚያ ጋ ትንሽ ሰማያዊ" ይላል፣ ሌላው ይሠራል።

አንድ ክረምት ይሄ ሰው ብዙ ሰማያዊ ፈለገ። ሰማያዊው ያለው ከኩይሳ ሥር ነው፤ ፀሐይ አይቶት ስለማያውቅ አልደበዘዘም። መቆፈሪያ መኪና አምጥቶ የተራራውን እግር ያስቆፍር ጀመር። ለቃሚዎቹ "ጋሼ፣ እባክህ ዝናቡ ያባራ" አሉት። "አውደ ርዕዩ ዝናብ አይጠብቅም" አላቸው። ይህን የነገረችኝ ማንጠግቦሽ ናት፤ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ፣ ከኩይሳ በለቀመችው ላስቲክ ያሠራችውን ቢጫ ቦቲዋን እያጠበች።

"እማ፣ ከሥር ባዶ እያደረገው ነው" አለችኝ። "ከላይ ስንቆም ይንቀጠቀጣል።"

"ታዲያ ቅሪ!"

"ብቀርስ ሌሎቹስ?" ብላ ሳቀች። በማግስቱ ቦቲዋን አጥልቃ፣ ማበጠሪያዋን መስኮቱ ጋ ረስታ ሄደች።

ያን ቀን ኩይሳ ወረደ። እግሩ ሥር የነበሩትን ለቃሚዎች፣ ከጎኑ የነበሩትን ጎጆዎች፣ ሁሉን ይዞ ነው የወረደው። አንድም ሬሳ አልወጣም። አጣሪዎች መጡና "የዝናብ አደጋ" ብለው ሄዱ፤ የኛን ሰዎች ደግሞ "ያልተገኙ" አሏቸው። ሞቱ አላሉም። ኢዮስያስ በቴሌቪዥን አለቀሰ። ወሩ ሳይሞላ የወረደውን ቁልል በጥሬ ዕቃነት አስፈቅዶ ዕቃ ዕቃውን ግቢው አስገባ፤ በቀረው ላይ አፈር አስመለሰበት።

የኛ ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክለው መርዶ ሲነገር ነው። መርዶ ነጋሪ ቆሞ፣ በአፉ "እገሌ ሞቷል" ማለት አለበት። ሬሳ ከሌለ ደግሞ ልብሱ ይመጣል፤ በልብሱ ላይ ይለቀሳል፣ ልብሱ ይቀበራል። እኛ መርዶም የለን፣ ልብስም የለን። ጓደኛዬ ኤልዳና ባሏ ናሆም እዚያው ቀርቶባት፣ ነጠላዋን ታዘቀዝቅ ወይስ ታቅና ግራ ገብቷት፣ አንድ ቀን እንዲህ አንድ ቀን እንዲያ ትለብስ ነበር። ሰው ያላለቀሰው ሞት ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ አውቀዋለሁ።

ኢዮስያስ በር ድረስ ሄድኩ። ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሲወጣ እግሩ ሥር ወደቅኩ።

"ጌታዬ፣ የልጄ ቢጫ ቦቲ እዚያ ውስጥ አለ። እሱን ብቻ ስጠኝ። ልቅበራት።"

ዓይኑን እንኳ ወደ ፊቴ አላወረደም። "እማማ" አለኝ፣ "ቆሻሻ ባለቤት የለውም።"

መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ አቧራዬን አራግፌ ተነሣሁ። ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እንባዬ ደርቆ ሌላ ነገር መጣልኝ። ቂም። ቂሜን እንደ ጨቅላ ታቅፌው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በልቼ አልጠግብም፣ ተኝቼ አላርፍም፣ አሰብኩበት። ከዚያ ሄጄ ሥራ ጠየቅኩት። የጉሮሮ አቃጣይነት ፈቃዴን አሳየሁ፤ ያኔውኑ ተቀጠርኩ። ፊቴን አላወቀውም። መቼ አይቶት!

ሥራው እንዲህ ነው። ዕቃው በጨለማ ጆንያ ይመጣል። እኔ በጨለማው ክፍል አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ የፀሐይን ብርሃን በምትመስል ትንሽ መብራት ጉሮሮውን አነቃዋለሁ፣ ስም ሲጠራ ያለበትን ቦታ አገኛለሁ፣ አቃጥላለሁ። መጀመሪያ የማላውቃቸው ሰዎች ስሞች ነበሩ፤ ከየሰፈሩ የተሰበሰበ የሕያዋን ዕቃ። ከዚያ ከኩይሳ የወረደው ጆንያ ተከፈተ። አንድ ጃኬት አወጣሁና መብራቱን አስጠጋሁ።

"ናሆም ይልቃል! ዕቃህን አንሳ።"

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መርፌው በሌላው እጄ ግሏል። ዞር ብዬ መርፌውን ውኃ ውስጥ ነከርኩት።

ከዚያ በኋላ የሕያዋኑን አቃጠልኩ፣ የሙታኑን ተውኩ። አለቀ። የማን እንደሆነ እሰማለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ፣ ለገጣጣሚዎቹ "ይሄ ከፊት ይግባ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ላይ" እላለሁ። "ለምን?" ይሉኛል። "ቀለሙ እንዲታይ" እላለሁ። ኢዮስያስ ከሩቅ ያይና "እትዬ ሶልያና ዓይን አላት!" ይላል። አመስግነዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" እያልኩ።

ቦቲው የመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው። ገና ሳላነቃው አውቄዋለሁ። ተረከዙ የተበላው ወደ ውስጥ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯን እንዲያ ነበር የምትረግጠው። መብራቱን አስጠጋሁለት። "ማንጠግቦሽ ኤፍሬም" ሲል "አቤት እናቴ" አልኩት። በጉያዬ አድርጌ ይዤው ልሄድ እችል ነበር፤ ማንም አያየኝም። ልሄድም ብድግ ብዬ ነበር። ግን ይዤው ብሄድ ልጄን ብቻዋን እቀብራታለሁ፣ ኢዮስያስም እያለቀሰ ይሸለማል። እምቢ አልኩ። ሐውልቱ ደረት ላይ፣ መሃል ለመሃል አስገባሁት።

ሐውልቱ የተንበረከከች ሴት ናት፣ የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያላት፣ ሰማያዊ። "ምድር ይቅር ትበለን" ብሎ ሰየማት። እኔ ስሰማው ሳቅኩ፤ ገጣጣሚዎቹ የደስታ መሰላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኝ ነበር። ሥራው አደባባይ ሲቆም መሠረቱ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው የዕቃው ሁሉ አስቀማጭ ይሆናል። በሌሎች የጥበብ ቤቶች ወጉ የሠራ ሁሉ ተራ በተራ እጁን ማሳረፉ ነው፤ ክብር ነው፣ እልልታ አለው። እኔም ሊጠራኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ይጥራኝ፣ ከእሱ ጋር እቆማለሁ ብዬ። በምረቃው ዋዜማ ገጣጣሚዎቹ "ጋሼ፣ ነገ እጃችንን እናሳርፋለን አይደል?" አሉት።

"የምን እናሳርፋለን?" አለ ኢዮስያስ። "ሐሳቡ የማን ነው? ሐውልት የአንድ ሰው ነው። የኔ እጅ ብቻ።"

ገጣጣሚዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ለኩይሳ ሰዎች የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ነገ በቀትር አደባባይ ኑ። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ኑ።" ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ፊቴን አይተው ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኢዮስያስ ነጭ ለብሷል። እንባ ባዘለ ድምፅ ንግግር አደረገ፣ መዳፉን መሠረቱ ላይ አሳረፈ፣ ተጨበጨበለት። ሸራው ተገፈፈ። ሰማያዊዋ ሴት ፀሐይ ውስጥ ተገለጠች፤ እውነቱን ለመናገር ታምር ነበር። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ከትከሻዋ ላይ አንድ ድምፅ መጣ።

"ናሆም ይልቃል! ዕቃህን አንሳ።"

ሰው የተረሳ ጠርሙስ መስሎት ዙሪያውን አየ። ከዚያ ከክንዷ፣ ከጉልበቷ፣ ከፀጉሯ ይጠሩ ጀመር። መቶ ጉሮሮ፣ መቶ ስም። ከሰው መሃል ኤልዳና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

"አቤት! አቤት ናሆሜ!" አለች። "አቤት የኔ ጌታ! እኔ ልምጣ፣ እኔ ላንሣልህ!"

ከዚያ ወዲያ ማን ሊይዘን! የየቤታችንን ስም እየሰማን "አቤት" እያልን ቀረብን። የተከለከለው ለቅሶ ያን ቀን አደባባይ ላይ ፈነዳ። "ማንጠግቦሽ ኤፍሬም!" ሲል እኔም ጮህኩ፣ ደረቴን መታሁ። ሁለቴ ተጠሩ። ሦስቴ ተጠሩ። እያንዳንዱን ጥሪ ጠጣሁት፤ ሦስተኛው የመጨረሻ መሆኑን ከእኔ በቀር ያስታወሰ አልነበረም።

ከዚያ መቶውም ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ስም ለወጠ።

"ኢዮስያስ ቃለአብ! ዕቃህን አንሳ።"

እሰይ! እሰይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አንጀቴ ራሰ።

ፊቱ አመድ መስሎ በሰው መሃል ፈለገኝ። "እትዬ ሶልያና! ጉሮሮውን አላቃጠልሽም እንዴ?"

"የምኑን ጉሮሮ?"

"የዕቃውን ነዋ!"

"ቆሻሻ ጉሮሮ አለው እንዴ ጋሼ?" አልኩት። "ባለቤት የለውም ስትል ነበር፤ ይኸው አገኘ።"

ያኔ አወቀኝ። ሲያውቀኝ ከፊቱ ላይ አየሁት፤ እድሜ ልኬን አልረሳውም።

ሸራውን መልሱ ብሎ ጮኸ። ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩና "ባደባባይ የሚጣራ ዕቃ መሸፈን ክልክል ነው፣ ጌታዬ። ማንሣት ነው እንጂ" አሉት። ወደ መኪናው ሮጠ። እስኪመሽ ተጣሩ። ፀሐይ ስትገባ ዝም አሉ፤ ያበቃ መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሥራቸውን ጀመሩ። "ኢዮስያስ ቃለአብ! ዕቃህን አንሳ።" አደባባዩ ዙሪያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች መስኮት ዘጉ። ታክሲዎች መንገድ ለወጡ። ስሙን የሚያውቅ ሁሉ የትም ሲያገኘው "ዕቃህን አንሳ" እያለ ይጠራው ጀመር። ዕድራችን ደግሞ "ልብሳቸው ተገኝቷል፣ መርዶውን እዚሁ እንጠብቃለን" ብሎ ድንኳኑን ሐውልቱ ፊት ለፊት ተከለ።

ሲብስበት ፒንሳ ይዞ መጣ። ብቻውን። ሠራተኞቹን ቢያመጣ ምን ይረባዋል፣ የእነሱን እጅ ዕቃው አያውቀውም። እነዚያ የሙሽራ እጆች ሽቦ ሲነቅሉ፣ ሲደሙ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን አየነው። ውኃ እንኳ አላቀበልነውም።

መጀመሪያ የናሆምን ጃኬት አወጣና ወደ ኤልዳና ዘረጋላት። እጇን አልሰጠችውም። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ማክቤል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ልብስ ያለ መርዶ አይቀበሉም። ያመጣው ሰው ነው የሚያረዳው።"

"ምን ልበል?"

"የሆነውን ተናገር።"

ኢዮስያስ ጃኬቱን እያየ፣ "ናሆም... የለም" አለ።

"የለም አይባልም" አለች ኤልዳና። "የለም ሲሉኝ ነው የከረሙት።"

"ናሆም ሞቷል።"

ኤልዳና ጃኬቱን ነጠቀችውና ፊቷን ቀብራበት አለቀሰች። ኢዮስያስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ተመልሶ ሌላውን ነቀለ። ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው እንዲያ ዞረ፤ ባርኔጣ፣ ኮዳ፣ የሕፃን ጫማ ይዞ። የሕፃኑን ጫማ ሲያደርስ አጉተመተመ። ደግመህ በል አሉት። ደግሞ አለ። ያለ ካሜራና ያለ ጭብጨባ ያለቀሰውን ያን ጊዜ አየሁት፤ አላሳዘነኝም።

ቢጫው ቦቲ መጨረሻ ደረሰ። ይዞት ፊቴ ቆመ።

"ማንጠግቦሽ ሞታለች" አለ።

"ማን ገደላት?"

"እትዬ ሶልያና... ዝናቡ..."

"ዝናቡን ሲጠራው አልሰማሁም። የማንን ስም ነው ሲጠራ የዋለው?"

ሐውልቱ ከኋላው አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ያኔ እኔ በሩ ላይ እንደወደቅኩት እግሬ ሥር ወደቀ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እንዳይቆፈር ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት። ይቅር በይኝ።"

"ምድር ይቅር ትበለን ብለህ የለ? እሷን ጠይቃት።"

ቦቲውን ዘረጋልኝ። ሰው ሁሉ እንድቀበል ጠበቀ፤ ጋሽ ማክቤል እንኳ "ተቀበይውና ቅበሪያት፣ እህቴ" አሉኝ።

"አልቀበልም" አልኩ። "የልጄን ስም ረስቷል። ያንተን ነው የሚያውቀው። ያንተ ነው፣ ውሰደው።"

ሌሎቹ የሰዎቻቸውን ልብስ ቀበሩ፤ ኤልዳናም ዓመቷን ጠብቃ ነጠላዋን አቀናች። ኢዮስያስ ቦቲውን ይዞ ቀረ። በሕግ አይጥለው ነገር፣ በዚህ ከተማ ምንም አይጣልም። ያለ ፈቃድ ጉሮሮ ማቃጠል እስር ቤት ያስገባል፤ ፈቃድ ያለን ሴቶች ደግሞ ሁላችንም እጃችን ታሟል። ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይቆልፍበት ደግሞ በአደባባይ ስም የለወጠን ዕቃ ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው ፀሐይ ላይ አስወጥተው ያዩታል። ማስቆፈሩን በገዛ አፉ ስለተናገረ ፈራጆች ፊት ቀርቧል፤ ሲቀርብም ቦቲውን በብብቱ ይዞ ነው አሉ። መንገዴ ባይሆንም አንዳንዴ በግቢው በኩል አልፋለሁ። "ኢዮስያስ ቃለአብ! ዕቃህን አንሳ" ሲል ከሰማሁ ያን ቀን ምሳዬ ይጣፍጠኛል።

አሁን የልጄን ስም የሚጠራልኝ ማበጠሪያው ብቻ ነው፤ ጉሮሮም ያረጃል። ዛሬ ጠዋት የማበጠሪያው ድምፅ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ሰለለ፤ "ማንጠግ..." ብሎ ተንጠልጥሎ፣ ቆይቶ ነው "...ቦሽ" ያለው። ቢኒያም ጠርሙሱን እንደያዘ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሰምቷል።

"እትዬ ሶልያና" አለኝ፣ "ሰውየውን አዋረድሽው፣ ሐውልቱን አፈረስሽው። አሁንስ አይበቃም?"

"ለማን?" አልኩት፤ ማበጠሪያውን በነጠላዬ ጠቅልዬ መስኮቴን ዘጋሁ።